የአራተኛው ቀፎ ልጆች

ንብ የሚያነብ ሰው ከሁሉም አብልጦ የሚወደው አንድ ቀፎ አያጣም። የእኔ አራተኛው ነበር። በተርታው አራተኛ ላይ ስለተቀመጠ ነው እንጂ ሌላ ስም አላወጣሁለትም። ክዳኑን ስከፍት ንቦቹ አይቆጡም። ጭስ ሳላበዛ፣ ጓንት ሳላጠልቅ ሰሙ የሚሠራባቸውን ፍሬሞች አንድ በአንድ አውጥቼ አይቼ እመልሳለሁ። ማሩም ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር። ሌሎቹ ገና ደፋ ቀና ሲሉ እሱ ሞልቶ ተጨማሪ ሣጥን ይጠይቀኛል። ታዲያ ማንም የሚያደርገውን አደረግሁ። ዘሩን አበዛሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ከአራተኛው ቀፎ ትንንሽ እጮች ወስጄ 3 ንግሥቶች አሳደግሁ። በሁለተኛው ዓመት 6። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ካሉኝ 12 ቀፎዎች በ11ዱ ውስጥ ያለችው ንግሥት ወይ ልጅ፣ ወይ የልጅ ልጅ፣ ወይ ራሷ እናትየዋ ነበረች። ደካማ ያልኳቸውን ንግሥቶች እያወጣሁ በእነሱ ተካሁ። ቦታው ገለል ያለ ነው፤ በአካባቢው ሌላ አናቢ የለም። እሱንም እንደ በረከት ነበር የቆጠርኩት። የማላውቀው ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ፣ መጥቶ የሰበሰብኩትን ዘር አይበትንብኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት፣ አበባው በፈነዳበት ሰሞን፣ አንዱ ቀፎ አልበዛ አለኝ። ንግሥቲቱ ወጣት ናት። የአበባ ወለላ አለ፣ የአበባ ዱቄት አለ። ንቦቹ ግን ከሳምንት ሳምንት ያው ናቸው። መሐል ያለውን ፍሬም አውጥቼ ወደ ፀሐይ አዞርኩት።

ደህና ንግሥት እንቁላል የጣለችበት ፍሬም ምን እንደሚመስል ንብ የነካ ሰው ሁሉ ያውቃል። ልጆቹ በሰም ከታሸጉ በኋላ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ነው፤ የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላል። የእኔ ግን ወንፊት ሆኗል። ሁለት የታሸጉ፣ አንድ ባዶ። ሦስት የታሸጉ፣ አንድ ባዶ። ፍሬሙን አገላብጬ አየሁ። በጀርባውም ያው ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ በሽታ ነው። አሸተትኩት፤ መጥፎ ሽታ የለውም። በቀጭን እንጨት አንዱን የታሸገ ክፍል ከፈት አድርጌ አየሁ፤ ውስጡ ያለችው፣ ከእጭነት አልፋ ንብ ልትሆን የተቃረበችው ሙሽሬ፣ ነጭና ንጹሕ ናት። ያልታሸጉት እጮች እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆልምመው፣ ወተት መስለው ተኝተዋል። ቫሮአ የተባለውን ተባይ ቆጠርኩ፤ አልበዛም። ከዚያ ንግሥቲቱን ጠረጠርኩ። እሷም ሥራዋን አላጓደለችም። በአዲሱ ፍሬም ላይ በየክፍሉ አንድ አንድ እንቁላል፣ እንደ ክር ቁራጭ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እንቁላሉ አለ። እጩ ግን ጎድሏል። መሐል ላይ ምን ሆነ?

ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ አመጣሁና እንቁላል የተጣለበት ፍሬም ላይ አነጠፍኩት። እንቁላል ያለባቸውን 100 ክፍሎች በቀለም ነጥብ ምልክት አደረግሁባቸው። የፍሬሙን አራት ማዕዘንም አብሬ ምልክት አደረግሁ፤ ስመለስ በትክክል በቦታው እንዲገጥም። በ6ኛው ቀን ተመልሼ ፕላስቲኩን ደግሜ አነጠፍኩት። ከ100ው ነጥብ ሥር 68 የደለቡ እጮች አገኘሁ። 32ቱ ጠፍተዋል። ከ32ቱ አንዳንዶቹ ባዷቸውን ናቸው፤ ሌሎቹ ላይ ንግሥቲቱ ተመልሳ አዲስ እንቁላል ጥላባቸዋለች። ፕላስቲኩን ይዤ ብዙ ቆምኩ። የሞተ የለም፤ የበሰበሰ የለም። ሠራተኞቹ ንቦች አጽድተውታል።

የዚህን መልስ ለማግኘት የንብ ጾታ እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ነበረብኝ። ዮሐን ዚርዞን የተባለ ቄስና አናቢ እ.ኤ.አ. በ1845 ድንጉላ አባት እንደሌለው አስታወቀ። ንግሥቲቱ እንቁላሉን በዘር ካላዳበረችው ወንድ ይወጣል፤ ካዳበረችው ሴት። ስለዚህ ድንጉላ 16 ክሮሞሶም ብቻ አለው፤ ሴቷ 32። ለረዥም ጊዜ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል ነበር። ሆኖም ቁልፉ የአባት መኖር ወይም አለመኖር አይደለም። አንድ ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በማርቲን ባየ የሚመራ ቡድን ጂኑን ለይቶ አወጣው።

ይህ ጂን በብዙ መልክ ይገኛል። መልኮቹን እንደ ቀለም እንያቸው። አንዲት ንግሥት ሁለት ቀለም ትይዛለች፤ ቀይና ቢጫ እንበል። ያልዳበረ እንቁላል አንድ ቀለም ብቻ ይደርሰዋል፤ ወንድ ይሆናል። የዳበረ እንቁላል ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ከደረሱት ሴት ይሆናል። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ከሆኑስ? ቀይ በቀይ ላይ? እናትም አባትም ያለው ወንድ ይሆናል። ሠራተኞቹ ይህን ልጅ ገና ከእንቁላሉ እንደወጣ፣ በሰዓታት ውስጥ ለይተው ይበሉታል። ፖላንዳዊው የንብ ተመራማሪ የርዚ ቮይከ እ.ኤ.አ. በ1963 እነዚህን እጮች ከቀፎ አውጥቶ ለብቻቸው አሳደጋቸው፤ አደጉ። ያጠፋቸው ሕመም ሳይሆን ሠራተኞቹ መሆናቸው በዚያ ታወቀ።

ሒሳቡ ደግሞ ጨካኝ ነው። በአንድ አካባቢ ባሉ ንቦች መካከል 10 ቀለም እኩል ተሠራጭቶ ቢገኝ፣ ከዳበሩት እንቁላሎች በአማካይ ከ10 አንዱ ይጠፋል። 4 ቀለም ብቻ ቢቀር ከ4 አንዱ። 3 ቢቀር ከ3 አንዱ። የእኔ 32 ከ100 ወዴት እንደሚጠጋ አያችሁ። አንድ ቀፎ አይበቃም ብዬ ሌሎች ሦስት ቀፎዎች ላይም ፕላስቲኩን አነጠፍኩ። የአንደኛው ጉድለት 19 ነበር፣ የሁለተኛው 24፣ የሦስተኛው 27። እነዚያን ሁሉ ንግሥቶች ከአንድ እናት አውጥቼ፣ ልጆቻቸው የሆኑትን ድንጉላዎች እዚያው ሰማይ ላይ አሰማርቼ፣ ገለልተኛ ቦታዬን አመስግኜ ተቀምጬ ነበር። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ሦስት ዓመት ሙሉ አላየሁም። ያኔ ማሩ ጥሩ ነበራ።

ንብ ራሷ ለዚህ አደጋ ያበጀችው መላ አለ። ልቤን የነካውም እሱ ነው።

በአማርኛ ንግሥቲቱን አውራ ስንላት ኖረናል። አውራ ደግሞ ወንድ ነው፤ አውራ ዶሮ እንደምንለው። የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። አርስቶትልም ንጉሥ ብሎ ነው የጻፈው። ሴት መሆኗ ከታወቀ በኋላም የት እንደምትጠቃ፣ ማለትም ከድንጉላ ጋር የት እንደምትገናኝ፣ ሲያከራክር ኖሯል። አንቶን ያንሻ፣ ከስሎቬኒያ ተነሥቶ ቪየና ላይ ንብ ማነብ ያስተምር የነበረው ሰው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ንግሥቲቱ ከቀፎ ወጥታ በርራ ተጠቅታ እንደምትመለስ አስተዋለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ ነው ተባለ። እንደዚያ አለመሆኑ የተረጋገጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው አንዲት ንግሥት በወጣትነቷ ጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ከሚሆኑ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች። እያንዳንዱ ድንጉላ እዚያው አየር ላይ ይሞታል። እሷ ዘሩን በሆዷ ባለች ትንሽ ከረጢት አኑራ ዕድሜ ልኳን ትጠቀምበታለች።

ከ15 አባቶች አንዱ ብቻ ቀለሙ ከእሷ ቢገጥም የሚጠፋው ከ30 እንቁላል አንዱ ነው። ቀፎው አይሰማውም። ከአንድ ድንጉላ ጋር ብቻ ተገናኝታ እሱ ቢገጥም ግን ግማሹ ይጠፋል። ብዙ አባት ለአንዲት እናት መድን ነው። መድኑ የሚሠራው ግን አባቶቹ ከተለያየ ቤት ሲመጡ ነው። የእኔ ንግሥቶች 15 ድንጉላ አግኝተው ሊሆን ይችላል። 15ቱም የአክስትና የእህት ልጆች ከሆኑ ቁጥሩ ምን ይፈይዳል?

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጠፋው ነው። ብዝኃነቱ ደግሞ በሕይወት ባሉት መካከል ሥራ ይሠራል።

ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቀፎ አጠገብ ተቀምጣችሁ የመግቢያውን ደፍ ተመልከቱ። አንዲት ንብ ትመጣና እግሮቿን ተክላ ክንፏን ታርገበግባለች። ታራግባለች። ጎኗ ያሉት መቶ ንቦች ምንም ያልተፈጠረ ይመስል ያልፏታል። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛዋ ትቆማለች። ከዚያ አምስት ይሆናሉ። ሙቀቱ በረድ ሲል አንዷ ትተዋለች፤ ሌሎቹ ይቀጥላሉ። ለምን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጀምሩም? እጮቹ ያሉበት ክፍል ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ሴልሺየስ መሐል መቆየት አለበት። ሁሉም በአንድ ዲግሪ ላይ ቢጀምሩ ቀፎውን አቀዝቅዘው ያልፉታል፤ ሁሉም በአንድ ዲግሪ ላይ ቢያቆሙ እንደገና ይግላል። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተሙት፣ የተለያዩ አባቶች ልጆች ማራገብ የሚጀምሩበት ሙቀት ይለያያል። ብዙ አባት ያለው ቀፎም አንድ አባት ካለው ቀፎ ይልቅ ሙቀቱን አጽንቶ ይይዛል። አንዷ ቶሎ ይሞቃታል፣ ሌላዋ ዘግይታ። ያቺን ቶሎ የሚሞቃትን ንብ ድሮ እንደ ቅብጥብጥ አያት ነበር። አሁን ሳያት ሌላ አባት እንዳላት አስባለሁ።

በሽታውም እንደዚያው ነው። የንብ ተመራማሪዎቹ ቶማስ ሲሊና ዴቪድ ታርፒ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ንግሥቶችን ግማሾቹን ከአንድ፣ ግማሾቹን ከ10 ድንጉላ በተገኘ ዘር አዳበሩ። ከዚያ ቀፎዎቹን አሜሪካን ፋውልብሩድ በሚባለው፣ እጭን አበስብሶ በሚገድለው በሽታ በከሏቸው። የብዙ አባቶቹ ቀፎዎች ቀለል ባለ ሁኔታ ተወጡት። በዚያው ዓመት ሔዘር ማቲላና ሲሊ ከ15 ድንጉላ የዳበሩና ከአንድ ድንጉላ የዳበሩ ንግሥቶችን ይዘው አዲስ መንጋ አስጀመሩ። ባለ ብዙ አባቶቹ ሰም ቶሎ ሠሩ፣ ብዙ ቀሰሙ፣ ብዙ አከማቹ። ከባለ አንድ አባቶቹ የብርዱን ወራት የተሻገረ አንድም አልነበረም። ከሌሎቹ የተሻገሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ግን ተሻገሩ።

የእኔን ግቢ ትቼ ሰፋ አድርጌ ሳየው ነገሩ ያስፈራኛል። በንግድ ንግሥት የሚያረቡ ድርጅቶች ከጥቂት እናቶች እጅግ ብዙ ልጆች ያወጣሉ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ለሽያጭ የሚቀርቡት በመቶ ሺሕዎች የሚቆጠሩ ንግሥቶች በመቶዎች ብቻ ከሚቆጠሩ እናቶች የሚወጡ ናቸው። ማር ንብ ለዚያ አህጉር እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ቨርጂኒያ የገባው በመርከብ ነው። በ1922 ደግሞ በሽታ ተፈርቶ ከውጭ ንብ ማስገባት በሕግ ታገደ። ስለዚህ በር ተዘግቶ ባለው ዘር ላይ ሲራባ ኖረ። ከ2008 ጀምሮ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጣሊያን፣ ከስሎቬኒያና ከካውካሰስዋ አገር ከጆርጂያ የድንጉላ ዘር ፈሳሽ በፈቃድ ሲያስገቡ ቆይተዋል። ከዚያም በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ያኖሩታል። ንቡ አይሻገርም፣ ተባዩም አብሮ አይመጣም፤ ዘሩ ብቻ ይሻገራል። ይህን ሥራ አደንቀዋለሁ።

ይሁንና ብዝኃነት ማለት ከየትም አምጥቶ መቀላቀል ነው የሚሉትን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ሰው የሚያነባቸው ንቦች ከቀደምት ወገኖቻቸው ይልቅ በዘረ-መል የበለጠ ስብጥር እንዳላቸው አሳየ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አናቢዎች የአፍሪካን፣ የምሥራቅና የምዕራብ አውሮፓን ንቦች ሲያደባልቁ ኖረዋል። እንግዲያውስ ችግር የለም ያሉ ነበሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃወሙ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ቀፎ ውስጥ ሲቆጠር ብዙ ይመስላል፤ በየአገሩ የነበረው የየራሱ ንብ ግን እየተዋጠ ነው። አውሮፓ ውስጥ 16 ዓይነት ዘር ያላቸው 621 ቀፎዎች በ11 አገሮች ተቀምጠው ተመራማሪዎች ያለ ፀረ ቫሮአ መድኃኒት እስከመጨረሻው ተከታትለዋቸው ነበር። የየቦታው ተወላጅ የሆኑት ከመጤዎቹ በአማካይ 83 ቀን ያህል ረዝመው ቆዩ። የአንድ ቦታ ንብ የአበባውን ወቅት፣ የዝናቡን መግቢያ፣ የቅዝቃዜውን ርዝመት በዘሩ ይዞታል። ይህ እውቀት አንዴ ተበርዞ ከጠፋ ማንም ሱቅ አይሸጠውም።

አንድ ነገር ግን ተስፋ ይሰጠኛል። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አርኖት የሚባል ደን አለ። እዚያ በዛፍ ፍልፍል የሚኖሩ የዱር ንቦች አሉ። ሲሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚያ አካባቢ ናሙና ሰብስቦ ነበር፤ ቫሮአ ከመምጣቱ በፊት። በ2010 እንደገና ተሰበሰበና ሁለቱ ተነጻጸሩ። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ዘረ-መል ሲታይ ከጥንቶቹ የእናት መስመሮች አብዛኞቹ ጠፍተዋል። እልቂት ነበር ማለት ነው። ከእናትም ከአባትም የሚወረሰው ዘረ-መል ግን ስብጥሩን ብዙም አላጣም። ከዕልቂቱ የተረፉት ጥቂት ንግሥቶች እያንዳንዳቸው የብዙ ድንጉላዎችን ዘር በሆዳቸው ይዘው ነበር። እናቶቹ አለቁ፤ የአባቶቹ ዘር ግን በእነዚህ በጥቂቶቹ በኩል ቀረ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ከእኔ ቦታ የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ፣ አየሩ ከእኔው ጋር የሚመሳሰል ቦታ ላይ የሚያነብ ወዳጅ አለኝ። ከአራት የተለያዩ እናቶች አራት ንግሥቶች ሰጠኝ፤ እኔም ለእሱ ሁለት ሰጠሁት። ንግሥት ሳሳድግ ከአሁን በኋላ ከአንድ ቀፎ ብቻ አልወስድም። መካከለኛ የሆነችውን ንግሥት በማሯ ማነስ ብቻ አልገድላትም። እዚህ ላይ ለመጻፍ የሚከብደኝ ድንጉላዎቹን ያደረግኋቸው ነገር ነው። ያለ ሥራ ማር ይበላሉ ብዬ የድንጉላ እጭ ያለበትን ሰም እየቆረጥኩ ስጥል ኖሬያለሁ። ለአራተኛው ቀፎ ግን ሳሳሁ፤ የእሱን አልቆረጥኩም። እንግዲህ ሰማዩን ለአንድ ቤት ልጆች የለቀቅሁት በገዛ እጄ ነው። አሁን ሰሙን አልነካም። ከሰዓት በኋላ ከየቀፎው ወፍራም ድምፅ እያሰሙ ሲወጡ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ከአዲሶቹ አንዷ የወለደቻት ልጅ፣ ገና ያልተጠቃች ንግሥት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ ለማየት ቀፎው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቀትር አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ዝም ብሏል። በደፉ ላይ ብቅ አለች። ወደ ኋላ ተመለሰች። ደግማ ብቅ አለች፣ ፊቷን ወደ ቀፎው አዙራ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች በረረች፤ ቤቷን ልብ እያለች ነው። ከዚያ ከዓይኔ ጠፋች። ሰዓቴን አየሁ። በ22ኛው ደቂቃ ተመለሰች። ከጭራዋ ጫፍ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ የመጨረሻው ድንጉላ ትቶባት የሄደው ምልክት ነው። ሠራተኞቹ ከበቧት፣ ይዘዋት ገቡ። ደብተሬን አውጥቼ ቀኑን ጻፍኩና ሥሩ ላይ “ተጠቅታለች” ብዬ አሰመርኩበት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንዲሁ ሳልፍ ደፉ ላይ አየኋት። ፊቷን ወደ ቀፎው አዙራ ትንሽ ተወዛወዘች። እንደገና ወጣች።